የአዌቱ ፍሳሽ የማን ነው?

የክርክሩ ጭብጥ፦ «በጅማ ደረቅና ፍሳሽ ቆሻሻን የሚመለከት ሥራ ሁሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ይሁን።» ደጋፊዋ የሂርማታ ገበያ ነጋዴ፣ ተቃዋሚው የሕግ መምህር ናቸው።

ደጋፊ፦ የምኖረው በጅማ፣ በአዌቱ ወንዝ ዳር ነው። ባለፈው ክረምት የአንድ ምግብ ቤት ፍሳሽ በሰፈራችን ቦይ መውረድ ሲጀምር ጎረቤቶቼን ይዤ አቤት አልኩ። አንዱ ቢሮ «ፍሳሽ የውሃ ጉዳይ ነው» አለን። ሌላው ከምግብ ቤት ስለወጣ ጤናን እንድንጠይቅ ነገረን። ሦስተኛው ደግሞ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ካላየሁ አያገባኝም አለ። እኛ ስንመላለስ ፍሳሹ አዌቱን ተከትሎ ቦዬ ረግረግ ይገባል፤ ከዚያ መንገዱ ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ነው። ሥራው አንድ ባለቤት ቢኖረው አንድ ሰው አንቀን እንይዝ ነበር።

ተቃዋሚ፦ እኅቴ፣ መንከራተትዎ ያሳዝነኛል። መፍትሔዎ ግን ያስፈራኛል። የአካባቢ ጥበቃ አካላትን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 295/1995 ማልማትና ማስተዳደሩን ከመጠበቅና ከመቆጣጠሩ የለየው የጥቅም ግጭት እንዳይፈጠር ነው። ቆሻሻ የሚደፋውና የሚቆጣጠረው አንድ ከሆነ ማን ማንን ይከሳል? ደግሞስ የቡናውን ነገር እንዴት ያደርጉታል? በጅማ ዙሪያ ወረዳዎች የእሸት ቡና ማጠቢያዎች ሥራ ሲጀምሩ ከገለባው የሚወጣው ስኳራማ ፍሳሽ ወንዙ ውስጥ ሲገባ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ዓሣው ይሞታል፣ ከብት የሚጠጣው ያጣል። እዚያ ድረስ የከተማ ቢሮ እጁ አይደርስም። ግብርናው፣ ወረዳውና ክልሉ የግድ ያስፈልጋሉ። መዋቅር መለወጥማ ሞክረናል፤ የፌዴራሉ አካባቢ ጥበቃ ከባለሥልጣንነት በ2005 ሚኒስቴር፣ በ2011 ኮሚሽን፣ በ2014 ተመልሶ ባለሥልጣን ሆኗል። ታፔላው ተለወጠ እንጂ ወንዙ አልጠራም።

ደጋፊ፦ ወንድሜ፣ አዋጁን አከብራለሁ። ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ የቆሼ ቆሻሻ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲቀብር ይህ አዋጅ 14 ዓመቱ ነበር። መለየቱ እነዚያን ቤተሰቦች አላዳነም። ተቆጣጣሪው ለብቻው ይቁም ያሉትን እቀበላለሁ፤ በዚህ ረትተውኛል። መጥረጉ፣ መሰብሰቡ፣ ማጓጓዙና የመጸዳጃ ጉድጓድ መምጠጡ ግን አንድ ቤት ይግባ። በከተማ ውስጥ ይህን አራት ቦታ መበተን ምን ጥቅም አለው?

ተቃዋሚ፦ አቤቱታ መቀበያው መስኮት አንድ ይሁን ካሉ እስማማለሁ። ማኅተም አድርጎ ይቀበል፣ በስንት ቀን እንደሚመልስ ይጻፍ፣ ለሚመለከተው ቢሮ የሚያደርሰው ራሱ ይሁን። ሥራውን ግን እያንዳንዱ በሙያው ይያዘው። የጤና ባለሙያ ስለ በሽታ የሚያውቀውን የጽዳት ሠራተኛ አለቃ ሊያውቀው አይችልም።

ደጋፊ፦ መስኮቱ ተከፍቶ ከጀርባው ያሉት ቢሮዎች ካልተናበቡስ? ያን ጊዜ ደብዳቤ ይዤ ከደጅ ወደ ደጅ የምሄደው እኔው ነኝ።