የከዚራን ጥላ ከአጥሩ ጀርባ አውጡልን

ድሬዳዋ በኮሪደር ልማት መንገዷን እያሰፋች፣ ዳር ዳሩን ችግኝ እየተከለች ነው። መልካም ነው። ችግኙ ከፍየልና ከፀሐይ ከተረፈ ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ጥላ ይሆነናል። በከተማዋ አሮጌ ሠፈር በከዚራ ውስጥ ግን ለአቅመ ጥላ ከደረሱ ብዙ ዘመን ያለፋቸው ዛፎች፣ በሩ ተቆልፎባቸው፣ ውሃ ጠምቷቸው ቆመዋል። አዲስ መናፈሻ ከመሥራታችን በፊት እነዚያን አሮጌ ግቢዎች አድሰን ለሕዝብ እንክፈት ባይ ነኝ።

ታሪካቸው የከተማዋ ታሪክ ነው። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ወጪው ከብዶ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ስለተወሰነ፣ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ። አፄ ምኒልክ ቦታውን «አዲስ ሐረር» ብለውት ነበር፤ ስሙ አልጸናም። የባቡር ኩባንያው ፈረንሳዮች ከዚራን ቀጥ ባሉ መንገዶች ከፋፍለው ግራና ቀኙን ዛፍ ተከሉ፤ ለሹሞቻቸውም ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ቤቶች ሠሩ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ በሆነው በዚህ ሙቀት ዛፍ ጌጥ ብቻ አልነበረም። ይሁን እንጂ ጥላው ለሁሉም አልደረሰም። ውሃ ያጠጣውና ቦይ የጠረገው የአገሩ ሰው ነው፤ ለመንገደኛው የተረፈው ከአጥር በላይ ያዘነበለው ቅርንጫፍ ብቻ ነበር። ዛሬም ያው ነው። የተለወጠው የዘበኛው የደንብ ልብስ ነው።

ከእነዚህ ግቢዎች አንዱን በበሩ ፍርግርግ በኩል አየዋለሁ፤ የማን እንደሆነ መጥቀሱ አይጠቅምም። በጥርብ ድንጋይ የተሠራው ቦይ አፈር ሞልቶታል። ማንጎው ከአናቱ ደርቋል፤ ከወገቡ በታች ግን አሁንም ያፈራል፣ ፍሬውም የሌሊት ወፍ ሲሳይ ነው። በግንቦት ሙቀት ቀይ አበባ የሚለብሰው፣ ዘሩ ከማዳጋስካር ቢሆንም «የድሬዳዋ ዛፍ» እየተባለ የሚጠራው ዛፍ ደግሞ ሥሩ አጥሩን ሰንጥቆ እግረኛ መንገዱ ላይ ወጥቷል። እሱስ በሩ እስኪከፈትለት አልጠበቀም።

እውነቱን ለመናገር ከቸልታው ይልቅ እድሳቱን እፈራለሁ። እንዲህ ያለ ግቢ ለኮንትራክተር ሲሰጥ መጀመሪያ የሚመጣው የንጣፍ ድንጋይ ነው፤ ዛፉ እስከ ግንዱ ድረስ በሲሚንቶ ይታነቃል። ያረጀ ዛፍ ሥሩ የሚተነፍሰው ከላይኛው አፈር ነውና ቢያንስ ቅርንጫፉ እስከሚያጠላበት ድረስ መሬቱ ክፍት ይሁን። ቀጥሎ የሚመጣው የጠብታ መስኖ ነው። የድሬን ውሃ የሚያውቅ ሰው በዚህ ይስቃል። የማንቆርቆሪያችንን ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያለብሰው ይኸው የከርሰ ምድር ውሃ የቱቦዎቹን ቀዳዳም ይደፍናል፤ በአሲድ እያጠበ የሚከፍት ባለሙያ ካልተመደበ ቱቦው ተጎልቶ ይቀራል። አሮጌውን ቦይ ግን አካፋ የያዘ ሰው ይጠርገዋል። ቦይ ውሃ ያባክናል ለሚሉኝ፣ አዎ፣ ያባክናል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ማጠጣትና በየዛፉ ሥር ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ ማበጀት ብክነቱን ይቀንሰዋል። ክፍት ቦታውን ለወረረው ፕሮሶፒስ ለተባለው እሾሃማ መጤ ዛፍ ብቻ ምሕረት የለኝም። ከአፈር በላይ ቢቆርጡት ከጉቶው በርከት ብሎ ያቆጠቁጣል፤ መድኃኒቱ ከመሬት በታች ያለውን አንገቱን ቆፍሮ መቁረጥ ነው።

ሰዓቱም ይታሰብበት። ድሬ በቀትር ሱቋን ዘግታ የምታርፍ፣ ማታ የምትነቃ ከተማ ናት። እንደ ቢሮ በሥራ ሰዓት ብቻ የሚከፈት መናፈሻ ለማንም አይሆንም። ቀትር ላይ ሙቀት ላቃጠለው ጋሪ ነጂ፣ ማታ ደግሞ ቤቱ ጠቦት ለፈተና ለሚያጠናው ተማሪ ክፍት ይሁን፤ መብራትም ይኑረው።

በአዲስ አበባ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ሲከፈት ከዚያ የበለጠ የተዘጋ በር አልነበረም። መግቢያው ግን በትኬት ነው። ይህ ለጎብኚ ያስኬድ ይሆናል፤ በየቀኑ አረፍ ብሎ መሄድ ለሚፈልግ የሠፈር ሰው ግን አይሆንም። ገንዘብ ካስፈለገ ቅዳሜና እሑድ በአጀብ የሚመጡትን የሙሽራ ቪዲዮ አንሺዎች ያስከፍሉ፤ ሕፃኑንና አዛውንቱን ይተዉ።

«ሕዝቡ ያቆሽሸዋል፣ በገረባ ይሞላዋል» የሚለውን መልስ ሰምቼ ሰልችቶኛል። ገረባው፣ ማለትም የጫቱ ትራፊ፣ እውነት ነው። በድሬ ጎዳና ገረባ የሚያነሡት በአብዛኛው ፍየሎች ናቸው፤ ያለ ደመወዝ ከብዙ ጽዳት ሠራተኛ በላይ ይሠራሉ። ግን ቆሻሻ ይጣላል ተብሎ በር የሚዘጋ ከሆነ ገበያውም፣ መንገዱም መዘጋት ነበረበት። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው፤ አንዱ ግቢ የባቡሩ፣ ሌላው የመሥሪያ ቤት፣ ሌላው የቀበሌ እየተባለ ደብዳቤው ይመላለሳል። ባቡሩ እንደሆነ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው አዲስ ሐዲድ፣ ከከተማ ወጣ ባለ ጣቢያ ይሠራል፤ በአሮጌው ጣቢያ በለገሃር ዙሪያ የቀረውን ዛፍ በአደራ ለከተማው ቢሰጥ የሚጎድለው ነገር የለም።

ጎረቤታችን ሐረር በግንብ የታጠረውን አሮጌ ከተማዋን ጁገልን ይዛ በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍራለች። በዚያው ክረምት እኛ ከተማችንን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ወገኖቻችንን ቀበርን። አንድ የአትክልት ስፍራ ደቻቱን ያቆማል ብዬ አላታልልም፤ የጎርፉ ነገር ከላይ፣ ከተራራው የሚጀምር ሌላ ሥራ ነው። የእኔ ጥያቄ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፦ ሐምሌ 1 በሚጀምረው በጀት ውስጥ፣ ከምርቃቱ ድንኳን ወጪ በላይ ባለው መስመር ላይ፣ የሁለት አትክልተኞች ደመወዝና የአንድ ዓመት የውሃ ሂሳብ ይጻፍ።