ይድረስ ለክቡር «በሂደት ላይ ነው»

ቁጥር፦ ገና አልወጣለትም
ቀን፦ ሐምሌ፣ ዝናቡ ሲያባራ
ጅማ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከክፍያችን ናፍቆት በቀር ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን፣ እኛን የዩኒቨርሲቲ መምህራንን፣ የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የትርፍ ሎድ (የትርፍ ማስተማሪያ ሰዓት) ክፍያ ነው። እርስዎ ያውቁታል፣ መሳቢያዎ ውስጥ ነው። መምህር በሳምንት 12 ሰዓት ሎድ አለበት፤ ከዚያ በላይ ካስተማረ ይከፈለዋል፣ ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ይላል። ፎርሙ በሦስት ቅጂ ይሞላል፦ የኮርስ ኮድ፣ ሴክሽን፣ የሌክቸር ሰዓት፣ የላብ (የቤተ ሙከራ) ሰዓት። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይፈርማል፣ ዲኑ ይፈርማል፣ ማህተም ያርፍበትና ፋይናንስ ይገባል። ግንቦት ላይ ገባ። ሰኔን ሙሉ የእርስዎ ስም ሲጠራልን ከረመ። ሐምሌ ላይ አንድ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ ተመለሰ፦ 2.01።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላብ ሰዓት በሁለት ሦስተኛ ይሰላል፤ የሦስት ሰዓት ላብ 2 ይሆናል ማለት ነው። ኤክሴሉ ግን ሁለት ሦስተኛን 0.67 ብሎ ይዞታል፤ በሦስት ሲባዛ 2.01 ይወጣል። ኤክሴሉን ያደለን ያው የፋይናንስ መስኮት ነው። ብቻ መንግሥትን በአንድ መቶኛ ሰዓት ልናጭበረብር ስንል እጅ ከፍንጅ ተያዝን!

አስተካክለን ብንመልስ፣ ለካ በጀቱ ሰኔ 30 ተዘግቷል። ጥያቄው አሁን «ውዝፍ» ነው። ውዝፍ አዲስ ደብዳቤ ይፈልጋል፣ ደብዳቤው አባሪ ይፈልጋል፣ አባሪው ደግሞ «መምህሩ ማስተማሩን የሚያረጋግጥ ማስረጃ» ነው። ግሬድ ገብቷል። ተማሪው ጋዋን ለብሶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ተመርቆ አገሩ ገብቷል። ያስተማረው ሰው ማስተማሩ ግን ገና አልተረጋገጠም! ይህን የሚሰማው ሦስተኛ ዲግሪውን የጨረሰ ሰው፣ ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ጃንጥላው ጫማው ላይ እየተንጠባጠበ፣ አንገቱን ወደ መስኮቱ ቀዳዳ ሰብሮ ነው። (ባለ ሦስት እግር በርጩማ በሚጠረብባት ከተማ፣ እዚያ ኮሪደር ላይ አንድ መቀመጫ የለም።)

ብቻውን የመጣውን ነገ ና ትሉታላችሁ። ተሰብስቦ የመጣውን ደግሞ ማን ፈቀደልህ ትሉታላችሁ። እና በምን ይምጣ? እዚሁ ጅማ ቡና የሚያበጥር መጋዘን 10 ሠራተኛ ካለው፣ ሠራተኞቹ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ማኅበር ያቋቁማሉ፣ ይደራደራሉ፣ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ሥራ ማቆም ይችላሉ። ይህንኑ አዋጅ ክፍል ገብቶ የሚያስተምረውን መምህር ግን አዋጁ አይመለከተውም፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነዋ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሥራው የሚፈቅድለት የመንግሥት ሠራተኛ እንዲደራጅ፣ ሥራም እንዲያቆም መብት ይሰጣል። ለየትኛው ሠራተኛ እንደሆነ ግን በሕግ ይወሰናል ይላል። ይህ «በሕግ ይወሰናል» የሚባለው ሰው የቅርብ ዘመድዎ አይደለም?

መፍጠን ሲፈልጉ እንደሚፈጥኑም አንረሳም። የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን ሥራ ሲያቆሙ፣ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ዕቅድ በቀናት ውስጥ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። በ1985 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን ሲባረሩ የት ነበሩ? የስንብት ደብዳቤ በሂደት ላይ ሆኖ አያውቅም። በ2015 ኅዳር መጨረሻ የየዩኒቨርሲቲው መምህራን በደመወዝ ጥያቄ ሥራ ሲያቆሙም ለእነሱ የተላከው ማስጠንቀቂያ ከመልሱ ቀድሞ ደረሰ።

ፎርሙን ደግመን ሞልተናል። ላባችን 2 ብቻ መሆኑንም አምነናል። አቴንዳንሱን በሦስት ቅጂ አያይዘናል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለ«ነገ ና»
ለ«ሲስተም የለም»
ለ«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»