ሲሲሲፒ ብላ ያነበበችው ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ቡና እየጠጣን ነው። አንደኛው እንግዳ በደርግ ጊዜ ሞስኮ የተማረ ነው፣ የድሮ ዲፕሎማውን ሊያስተረጉም ይዞት ሲዞር ነው የመጣው። የቤቱ ልጅ ሽፋኑን አየችና «ጋሼ፣ ሲሲሲፒ ምንድን ነው?» አለችው።

ሳቀ። «ኤስ ኤስ ኤስ ኤር ነው የኔ ልጅ፣ ሶቭየት ኅብረት ማለት ነው። በሩሲያ ፊደል ሲ የምትመስለው ስ ናት፣ ፒ የምትመስለው ደግሞ ር።»

ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ሌላኛው እንግዳ የተማረው ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ከተማ ነው። ስኒውን አስቀመጠና «የሩሲያ ፊደል አትበላት፣ የቡልጋሪያ ነው» አለ።

በቃ፣ ተያያዙ።

«ቡልጋሪያ ስንት ሰው አላት? በዚህ ፊደል፣ በሲሪሊክ፣ ከሚጽፈው ግማሽ ያህሉ እኮ ሩሲያ ውስጥ ነው!»

«ታዲያ ብዛት ምን አገባው? የሩሲያ ክርስትና የተጀመረባት ኪየቭ በ988 ስትጠመቅ መጽሐፉ ከየት መጣላት? ከእኛው ነው እንጂ!» («ከእኛው» ሲል ሁላችንም ሳቅን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ፊደሉን የሠራው ቄርሎስ አይደል? እሱ ደግሞ የተሰሎንቄ ሰው ነው። ስለዚህ የግሪክ በለዋ!»

እዚህ ላይ የሶፊያው ጎበዝ ነበር። ቄርሎስና ወንድሙ ሜቶዲየስ በ863 ለስላቮች (ሩሲያ፣ ቡልጋሪያና ፖላንድ ሁሉ ከዚሁ ዘር ናቸው) ሊሰብኩ ወደ ሞራቪያ፣ ወደ ዛሬዋ ቼክ አካባቢ፣ ሲሄዱ የያዙት ፊደል ግላጎሊቲክ የሚባል ሌላ ፊደል ነው። ሜቶዲየስ በ885 ሲሞት ደቀ መዛሙርቱ ከሞራቪያ ተባረሩና ቡልጋሪያ ተቀበለቻቸው። የዛሬው ሲሪሊክ የተወለደው እዚያ ነው፣ አብዛኛው ከግሪክ ፊደል ተወስዶ፣ ግሪክ የሌላት ድምፅ ላይ ሌላ እየተጨመረ። በቄርሎስ ስም ይጠራ እንጂ እሱ አልሠራውም።

የሞስኮው ግን አልተሸነፈም። የዛሬውን ቅርጽ ያወጣው የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ነው፣ ከ1708 ጀምሮ፣ ቡልጋሪያም ኋላ የወሰደችው ያንኑ ነው አለ። ይሄ እውነት ነው። በዚያው ግለት በ1918 ሩሲያ የማትፈልጋቸውን ፊደላት እንዴት እንደጣለች ነገረን፣ በቃል መጨረሻ ላይ ያለ ድምፅ ትጎለት የነበረችውን ምልክት ጨምሮ። «እኛስ ሀ ሐ ኀ ምን ያደርግልናል?» ብሎ ሌላ እሳት ሊጭር ነበር፣ ልጅቷ አቋረጠችው።

«ፖላንዶችም ስላቭ ናቸው አላላችሁም? ለምን በላቲን ይጽፋሉ?»

ሁለቱም ዝም።

በእኔ እምነት የቀኑ ጥያቄ ይሄ ነበር። ፖላንድ፣ ቼክና ክሮኤሺያ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ጋር ስለነበሩ ላቲን ያዙ፣ ቁስጥንጥንያን የተከተሉት ሲሪሊክ ያዙ። ላቲኑ ደግሞ ልኩ አልነበረም። ፖላንዶች ለ«ሽ» ሁለት ፊደል ይደረድራሉ፣ ቼኮች ኤስ ላይ ምልክት ይጭናሉ። በሲሪሊክ ግን አንድ ፊደል ናት፣ መልኳም ቁርጥ የኛን ሠ።

ሰርቢያና ክሮኤሺያ ሲደርሱ ነገሩ ይብሳል። ሲነጋገሩ ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ፣ ሰርቦች ራሳቸው በሁለቱም ፊደል ይጽፋሉ። ሆኖም በ2013 ቩኮቫር በምትባል የክሮኤሺያ ከተማ የሲሪሊክ ጽሑፍ ያለበት ታፔላ ሲሰቀል ሰው በመዶሻ ሰባበረው። ማንበብ አቅቷቸው አይደለም። በ1991 ከተማዋን ከብቦ ያፈረሰው የዩጎዝላቪያና የሰርቦች ጦር ነው ትዝ ያላቸው።

ስለዚህ ልደቱን ለሶፊያው፣ የዛሬ መልኩን ለሞስኮው ሰጥቻለሁ። «የማን ነው» የሚለው ክርክር ግን ራሱ አልገባኝም፣ ሁለቱም ከግሪክ በተወሰደ ፊደል ነው የሚጣሉት። ሀ ሐ ኀ ይቀነስ ያለውን ሰውዬ በተመለከተ ደግሞ፣ ሲወጣ የአስተርጓሚውን ቅጽ ሞላ፤ አየሁት፣ ስሙን የሚጽፈው በንጉሡ ሠ ነው።