እርማት፦ የድሮዋ ላራ አልጠፋችም

ላራ ክሮፍት ስለምትባለው ጀግና የተሠራውን የቪዲዮ ጌም፣ ቱም ሬይደርን፣ በተመለከተ ብዙዎቻችሁ «አዲሱ ቱም ሬይደር የድሮውን ምስል አጥፍቶታል፤ የልጅነታችን ጌም አለቀለት» ብላችኋል። ቁጭታችሁ ይገባኛል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጌሞች የያዘው እትም የድሮውንም አዲሱንም ምስል ይዟል።

ማረጋገጫው አንዲት ቁልፍ ናት። እየተጫወታችሁ በፕሌይስቴሽን «ኦፕሽንስ»ን፣ በኮምፒውተር «ኤፍ 1»ን ተጫኑ። እዚህ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ጌም ቤት ውስጥ እንደናንተ ለተናደደ ልጅ ይህንኑ አሳየሁት። ላራ ዘላ አየር ላይ እንዳለች ነካ ሳደርገው ያ የ1996ቱ ባለ ማዕዘን ፊት ከች አለ። ልጁ ጆይስቲኩን ከእጄ ወስዶ አሮጌ፣ አዲስ፣ አሮጌ እያለ ሲቀያይር ሰዓቱ አለቀበት።

አዲሱ ምስል አንዳንድ ቦታ ጨለም ይላል የምትሉት ግን እውነት ነው። እኔም ዕቃ ስፈልግ ወደ አሮጌው እመለሳለሁ።

ይህን ባለማወቅ ጌሙን ከማሽናቸው የሚያጠፉ፣ አሮጌ ዲስክ ፍለጋ ብር የሚያወጡ አሉ። እባካችሁ ከማጥፋታችሁ በፊት ያቺን ቁልፍ ሞክሯት።