ስም በሚስማር ከመቃብር በላይ ሲውል

ሰሞኑን የሐ ሄጄ ነበር። ከአድዋ ብዙም የማይርቀው፣ ተራሮች የከበቡት ጥንታዊ ቤተ መቅደስ። ቀና ስል መጀመሪያ ያነበብኩት የሳባ ጽሕፈት አይደለም። «ቢኒ + ማሂ» ይላል፣ በሚስማር። አጠገቡ ፍላጻ የወጋው ልብ አለ። መቼም እናንተም የየራሳችሁን ቢኒ ታውቁታላችሁ።

ቢኒ ሊመሰገን ይገባዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ሰማ፤ ሌላው ዕድሜ ልኩን የሚለፋበትን በአምስት ደቂቃ ገላገለው። የጥንቶቹ ግንበኞች እኮ ድንጋይ ጠርበው፣ ያለ ጭቃ ያለ ሲሚንቶ ገጥመው፣ 13 ሜትር ገደማ ሲያቆሙ ስማቸውን መጻፍ ትዝ አላላቸውም። ጀማሪዎች!

ትልቁ ውለታው ግን ለመጪው ትውልድ ነው። ከ2 ሺህ ዓመት በኋላ የሚመጣውን አርኪዮሎጂስት አስቡት። እዚህ አልማቃህ የሚባል የሳባውያን አምላክ ይመለክ እንደነበር ያውቃል። ቢኒን ግን አያውቀውም። ንጉሥ ነው ይላል። የመደመር ምልክቷ የሁለት መንግሥታት ውል ትሆናለች። የተወጋው ልብ መሥዋዕት ነው። ከሥሩ በ09 የሚጀምረው ቁጥር ደግሞ ለመቅደሱ የገባ ግብር፣ ምናልባት የበሬ ብዛት። ዶክትሬቱን ሊያስረክብ ሲል ፈንጠር ብሎ «ቢኒ + ሄለን» የሚል ያገኛል፤ «ማሂ» ተፍቃለች። መፈንቅለ መንግሥት! የሄለን ወገኖች ከየት መጡ? ከባሕር ማዶ ናቸው የሚልና አገር በቀል ናቸው የሚል ሁለት ጎራ ይፈጠራል። ምሁራን ሰላምታ ያቋርጣሉ። ማሂ የተጣላችው በማኪያቶ ሒሳብ እንደሆነ ማን ይንገራቸው?

ቆይ ግን፣ እንዴት እጅ አይንቀጠቀጥም? 2,700 ዓመት ገደማ ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበት ድንጋይ ነው። ስንት ጦርነት አልፎበታል። በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ፣ በካህናት ተጠብቆ ነው እዚህ የደረሰው። ጭረት አይታጠብም፣ አይሽርም። ነውር ነው!

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን። ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ «ከፍ አድርገህ ጻፍ፣ እዚያ ማንም አይነካብህም» ያለውን አባትም ሳላመሰግን አላልፍም። ጠባቂው «ኧረ ስለ እግዜር!» ብሎ ሲለምነው «የአገሬ ቅርስ አይደል እንዴ?» ብሎ አፉን አስያዘው። ይኸው አባት፣ ልጁ የገዛ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በእስክሪብቶ አንዲት መስመር ቢያሰምር፣ ቀበቶውን ለመፍታት ሰከንድ አይፈጅበትም።