ሃሪየር የሚማር ሰው ጋይሮ ያብራ ወይስ ያጥፋ?

ሃሪየር በርቀት መቆጣጠሪያ በሚበሩ ሞዴል አውሮፕላኖች ከሚታዩ የአክሮባት ስልቶች አንዱ ነው። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ቀና አድርጎ በጣም በዝግታ ይበራል። ተከራካሪዎቻችንን የለያያቸው ጥያቄ ጀማሪው መወዛወዝን በራሱ የሚያርመውን ጋይሮ የተባለ መሣሪያ ይጠቀም ወይስ አይጠቀም የሚለው ነው።

ደጋፊ፦ የተለመደ ክንፍ 15 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አየሩ ከጀርባው ይላቀቃል። ከዚያ በኋላ የክብደቱን ትልቅ ድርሻ የሚሸከመው የፕሮፔለሩ ጉተታ ነው፤ ክንፎቹም በየተራ ዝቅ እያሉ አውሮፕላኑን ግራና ቀኝ ያወዛውዙታል። ጀማሪው ይህን ለማረም ሲሯሯጥ ከፍታን በሞተር ጉልበት፣ አቅጣጫን በራደር፣ ማለትም አፍንጫውን ግራና ቀኝ በሚያዞረው የጅራት መሪ፣ መያዝን ሳይለምድ ባትሪው ያልቃል። ጋይሮ መወዛወዙን ያረግብለታል፤ ሌላውን ሥራ ለእርሱ ይተውለታል። ጋሼ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይልመድ ነው የሚሉት?

ተቃዋሚ፦ አላልኩም። ነገር ግን መወዛወዙ በከንቱ አይመጣም። ወይ የክብደት ማዕከሉ ቦታውን ስቷል፣ ወይ ተማሪው ኤለሮኑን፣ ማለትም አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድለውን የክንፍ ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ አብዝቶ እየነካካ ነው። ጋይሮ ምልክቱን ሲያጠፋ በሽታው እዚያው ይቀራል። ሁለቱንም ኤለሮኖች ጥቂት ወደ ላይ ማንሳት ብቻ ብዙ አውሮፕላኖችን ያረጋጋል፤ የቀረውን በራደር ማቅናት ይቻላል። ደግሞስ ትልቁ ችግር የት ነው? ብዙዎች በሚጠቀሙበት የመቆጣጠሪያ አደራደር የሞተሩ ጉልበትና ራደሩ በአንድ የግራ አውራ ጣት ሥር ናቸው። ተማሪው ጉልበት ልጨምር ሲል ጣቱ ወደ ጎን ያመልጥና አፍንጫው ይዞራል። አውሮፕላኑ ፊቱን ወደ አብራሪው ሲያዞር ደግሞ ግራው ቀኝ መስሎ ይታያል። እዚህ ላይ ጋይሮው ምን ይፈይዳል? ጋይሮ አብርቶ ሃሪየር ቻልኩ ማለት በተነፋ ጎማ ላይ ተንሳፍፎ ዋና ቻልኩ እንደ ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽንም በኤፍ3ኤ የአክሮባት ውድድር ማረጋጊያ ጋይሮን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ደጋፊ፦ ውድድር ሌላ፣ ትምህርት ሌላ። የሞዴል ሄሊኮፕተር ጅራት በጋይሮ ሲያዝ አጭበርባሪ የሚባል አብራሪ የለም። እርግጥ ነው፣ ለዝግታ የተስተካከለ ጋይሮ በፍጥነት በረራ ላይ አውሮፕላኑን ሊያንቀጠቅጠው ይችላል፤ ለዚህም ነው በመቆጣጠሪያው ላይ ማብሪያና ማጥፊያ የሚመደብለት። ነፋስ ባለበት ቀን ይብራ፣ ሲለምድ ይጥፋ።

ተቃዋሚ፦ «ሲለምድ» የምትለው ቀን ነው የማይመጣው፤ ማጥፊያውን የረሱትን ሜዳው ላይ ታያቸዋለህ። በሲሙሌተር፣ በኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያ፣ ያለ ጋይሮ ይጀምር። ከዚያ በረጋ ማለዳ፣ ከፍ ብሎ፣ ከፎም በተሠራ አውሮፕላን ይሞክር፤ አፍንጫው ቢሰበር በሙጫ ይጠገናል።

ደጋፊ፦ ማለዳውን እቀበላለሁ። ከሥራ በኋላ ብቻ ጊዜ ያለው፣ ሜዳውም ከሰዓት በኋላ የሚነፍስበት ሰውስ ምን ያድርግ ይላሉ?