ለፎገራ ሩዝ ማን ይሟገትለታል?

ሚላኖ ውስጥ ሐበሻ ሰብሰብ ሲል የማይቀር ክርክር አለ። «ፈረንጅ ገበያውን ከፍቶ አደገ፤ የኛ መንግሥት ግን በቀረጥ አንቆ ያዘን» የሚል ሰው አይጠፋም። ሌላው ደግሞ «የለም፣ በሩን ዘግቶ የአገር ምርት ቢያሳድግ ነበር የሚሻለን» ይላል። እኔ ሁለቱም የሚዘሉት ነገር አለ ባይ ነኝ። ለዚህም ከሩዝ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ከሚላኖ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ወደ ምዕራብ ሲኬድ ቬርቼሊ የምትባል ከተማ አለች። ዙሪያዋ በሙሉ ሩዝ ነው። በጸደይ ማሳው በውኃ ስለሚሞላ፣ ጣና ዳር ያለውን የፎገራን ሜዳ በክረምት ላየ ሰው አገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በአውሮፓ ኅብረት ከሚመረተው ሩዝ ግማሽ ያህሉ የኢጣሊያ ነው፤ የሚበቅለውም በአብዛኛው እዚህ ፒየሞንቴና ጎረቤቷ ሎምባርዲያ ውስጥ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጣም ድሃ የሚባሉ አገሮች ከጦር መሣሪያ በስተቀር ማንኛውንም ምርት ያለ ቀረጥ እንዲያስገቡለት ፈቅዷል፤ ሩዝ ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆነው ግን በ2009 ነው። ኢትዮጵያም በዚህ ዕድል ተጠቃሚ ናት። ካምቦዲያና ማይንማር በዚሁ በር ረጅም ፍሬ ያለውን ሩዛቸውን አስገቡ። በአምስት የምርት ዘመን ውስጥ የሁለቱ አገሮች ሩዝ በ89 በመቶ ጨመረ። በዚህ ዓይነት ሩዝ የአውሮፓ አምራቾች የገበያ ድርሻ ከ61 በመቶ ወደ 29 በመቶ ወረደ። ገበሬው ጮኸ። የኢጣሊያ መንግሥት በ2018 መጀመሪያ ላይ ለአውሮፓ ኮሚሽን አቤት አለ። ኮሚሽኑ ምርመራ ከፈተ፤ የሁሉንም ወገን ሐሳብ ሰማ። በጃንዋሪ 2019 በሁለቱ አገሮች ሩዝ ላይ ቀረጥ ጣለ፤ በመጀመሪያው ዓመት በቶን 175 ዩሮ፣ በሁለተኛው 150፣ በሦስተኛው 125። ሦስቱ ዓመት ሲሞላ አበቃ።

ስለዚህ አውሮፓም ሲጨንቀው በሩን ይዘጋል። ይኼ ያልገባው ሰው ካለ ይግባው። እኔን የሚገርመኝ ግን አዘጋጉ ነው። ቀረጡ ሲጣል የሚያበቃበት ቀን አብሮ ታውቋል። በየዓመቱም ይቀንሳል። የቬርቼሊ ገበሬ በሦስት ዓመት ውስጥ ምን ማስተካከል እንዳለበት ከመጀመሪያው ቀን ያውቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁጥሩ ነበረ። ኢጣሊያ ውስጥ ከ1931 ጀምሮ የሚሠራ ብሔራዊ የሩዝ ተቋም አለ። ገበሬው ምን ያህል መሬት እንደዘራ፣ ምን ያህል እንዳመረተ ለዚህ ተቋም ያሳውቃል። የውጭ ሩዝ ጎዳኝ ሲል የሚጠቅሰው የተመዘገበ ነገር አለው።

ሌላም አለ። ካምቦዲያ ዝም አላለችም፤ ጉዳዩን ወደ አውሮፓ ፍርድ ቤት ወሰደችው። በኖቬምበር 2022 ፍርድ ቤቱ የቀረጡን ደንብ ሻረው። ኮሚሽኑ ጉዳቱን ሲያሰላ አውሮፓ ውስጥ ከበቀለ ሩዝ የሚፈለፈለውን ብቻ ቆጥሮ፣ ጥሬውን ከውጭ አስመጥተው የሚፈለፍሉትን ፋብሪካዎች መተዉ ስህተት ነው ተባለ። በእርግጥ ያን ጊዜ ሦስቱ ዓመት አልፎ ነበር። ቢሆንም አንዲት ድሃ አገር ኮሚሽኑን በራሱ አገር ፍርድ ቤት ከስሳ ረታች። እኔ ለቬርቼሊ ገበሬ አዝናለሁ፤ ለካምቦዲያው ገበሬ ግን ይበልጥ አዝናለሁ። ኑሮው ለፎገራው ገበሬ ይቀርባላ።

ወደ ባሕር ዳር ልምጣ። አገር ቤት ስገባ ገበያ መዞር እወዳለሁ። ዋናው ገበያ ውስጥ እህል የሚሸጡ አንዲት እናት ጋ ቆምኩ። ሁለት ዓይነት ሩዝ ጎን ለጎን አስቀምጠዋል። አንዱ በፈረንጅ ፊደል የታተመበት ማዳበሪያ ውስጥ ነው፤ ከህንድ የመጣ፣ ነጭ፣ ፍሬው ረጅምና እኩል። ሌላው አፉ ወደ ውጭ የተጠቀለለ ተራ ማዳበሪያ ውስጥ ነው፤ አጠር ያለ፣ ብዙ ስባሪ ያለበት። የፎገራ ነው። ከሁለቱም ዘገን አድርገው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከፎገራው መሃል ልጣጩ ያልወጣ ፍሬና አንዲት ጥቁር ጠጠር አየሁ።

«የቱ ነው የሚሸጠው እትዬ?»

«ለቅቅል የሚፈልግ ያንን ይወስዳል፤ ከጤፍ ቀላቅሎ እንጀራ የሚጋግር ይኼንን።»

«ለቅቅልስ ይኼኛው ምን አለበት?»

«ምንም የለበት። ጣዕሙ እንዲያውም ይበልጣል። ግን ልጄ፣ ማን ቁጭ ብሎ ጠጠር ይለቅማል? ሆቴሎቹማ ዞረው አያዩትም።»

ይኼ ሩዝ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የፎገራ ሜዳ ክረምት ሲገባ የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው የሚተኙበት ረግረግ ነው። ጤፍ አይሆንበትም። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እዚያው በነበሩ የገበሬ ማኅበራት ሩዝ ሞከሩ፤ እስከ ዛሬ ገበሬው የሚዘራው «ኤክስ ጅግና» የሚባል ዝርያ ስሙን ያገኘው ጅግና ከሚባለው ከአንዱ ማኅበር ነው። ዕርዳታ ይጠብቅ የነበረ አገር በሩዝ ቀና አለ። ዛሬ ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደራ የሚኖር ሰው ልጁን የሚያስተምረው፣ ቆርቆሮ ቤት የሚሠራው በሩዝ ነው። በፎገራ ወረዳ ዋና ከተማ በወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል። በመንገዱ ዳርና ዳር መፈልፈያ ተደርድሯል።

ጠጠሩና ስባሪው ከየት መጣ? ነዶው አውድማ ላይ በከብት ይወቃል፤ አፈርና ጠጠር ይቀላቀልበታል። አደራረቁ እኩል ስላልሆነ ፍሬው ይሰነጠቃል። ከዚያ በትንንሽ ማሽን አንዴ ገብቶ ተፈልፍሎም ተፈትጎም ይወጣል፤ የተሰነጠቀው እዚያ ይሰበራል። ድንጋይ የሚለይ፣ ስባሪውን ከሙሉው የሚያበጥር መሣሪያ ያለው መፈልፈያ ጥቂት ነው። የሚገዛው ሰው ደግሞ ብድር ይፈልጋል፤ የውጭ ምንዛሪም ይፈልጋል።

እንግዲህ የኛ አገር የንግድ በር እንዴት ነበር የሚከፈተውና የሚዘጋው? በኦክቶበር 2022 መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው አገደ። ምክንያቱ የዶላር እጥረት ነበር። በጁላይ 2024 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ እገዳው ተነሳ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ከ100 አለፈ። ይኼ ራሱ ከውጭ በሚገባ ነገር ሁሉ ላይ ትልቅ ቀረጥ እንደ መጣል ነው፤ ያውም ማንም ሳይዘጋጅበት። ከዚያ በፊት ደግሞ የኑሮ ውድነቱ ሲበረታ ሩዝ፣ ዘይትና ስኳር በፍራንኮ ቫሉታ፣ ማለትም አስመጪው ከባንክ ምንዛሪ ሳይጠይቅ በራሱ ዶላር፣ እንዲገባ ተፈቅዶ ነበር። ለከተማው ሰው ቢሆንለት እሰየው። ግን ከነዚህ ውሳኔዎች በአንዱም ላይ የፎገራ ገበሬ ተጠየቀ ሲባል አልሰማሁም። ምርቱ ለገበያ የሚደርሰው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ዋጋው የሚወድቀውም ያኔ ነው። የውጭ ሩዝ በዚያው ወር ቢራገፍበት፣ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን ለመክፈል በተገኘው ዋጋ ይሸጣል።

«እንግዲያው ዝጉት!» የሚሉ ወዳጆቼን ናይጄሪያን እዩ እላቸዋለሁ። በ2015 የናይጄሪያ ማዕከላዊ ባንክ ሩዝን ጨምሮ 41 ዓይነት ዕቃዎች ከባንክ ዶላር እንዳያገኙ ከለከለ። ሩዙ ከቤኒን በኮንትሮባንድ ገባ። በኦገስት 2019 የየብስ ድንበሩ ተዘጋ፤ እስከ ዲሴምበር 2020 ተዘግቶ ቆየ። የምግብ ዋጋ ናረ። በ2024 መንግሥት ራሱ አንዳንድ ምግቦች፣ ያልተፈተገ ቡናማ ሩዝም ጭምር፣ ለ150 ቀን ያለ ቀረጥ እንዲገቡ ለመፍቀድ ተገደደ። ያን ሁሉ ዘግቶ የተገኘው ይኼ ነው። ለኛም ቢሆን በሩ ቢዘጋ መጀመሪያ የሚያመው ባሕር ዳር ውስጥ እንጀራ ገዝቶ የሚበላውን የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሩዙ እንጀራው ውስጥ አለና። ከወረታ ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአማራ ክልል ጦርነት መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ የፎገራውም ሩዝ አይደርስለትም።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ገበያው ክፍት ይሁን፤ ግን ለሩዝ የሚሆን ጊዜያዊ ቀረጥ ይታሰብ። በመኸር ወራት ከፍ ይበል፣ ክረምት ላይ ዝቅ ይበል። ዕድሜው ሦስት ወይም አራት ዓመት ይሁን፤ ሲጣል ማብቂያው ይነገር። የሚሰበሰበው ገንዘብ ወደ ጠቅላላ ካዝና ገብቶ አይቅር፤ ለመውቂያ ማሽን፣ ለሸራ፣ ድንጋይ ለሚለይ መፈልፈያ ብድር ይዋል። ጊዜው ሞልቶ ጠጠሩ አሁንም ካለ ቀረጡ ይቅር፤ እኔም አልሟገትለትም። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቆጠራ። ስንት ኩንታል ተመረተ፣ በስንት ተሸጠ፣ በየትኛው ወር ስንት የውጭ ሩዝ ገባ? ይኼን በየዓመቱ መዝግቦ ለሕዝብ የሚያወጣ፣ ሲያስፈልግም ይዞ የሚከራከር አንድ ቢሮ ወረታ ላይ መኖር ከባድ አይደለም። የምርምር ማዕከሉ እዚያው አለ፤ የገበሬ ዩኒየኖችም አሉ።

ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥም አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። አባል የሚሆን አገር ለያንዳንዱ ምርት ከዚህ በላይ አልቀርጥም የሚል ጣሪያ ፈርሞ ይገባል። አንዴ የተፈረመውን ከፍ ማድረግ የሚቻለው ለተጎዱት አገሮች በሌላ ምርት ቀረጥ ቀንሶ በመካስ ወይም ጉዳት መድረሱን በማስረጃ አሳይቶ ጊዜያዊ መከላከያ በመጣል ነው። መከላከያው ለአራት ዓመት ይፈቀዳል፤ ለታዳጊ አገር እስከ አሥር ሊራዘም ይችላል። ማስረጃ የሌለው ግን አንድ ቀንም አያገኝም። ከሩዝ ጎን የሚጻፈው ቁጥር የፎገራ፣ የሊቦ ከምከምና የደራ ገበሬ የሚያድርበት ቁጥር ነው። ተደራዳሪዎቻችን ወደ ጄኔቫ የሚሄዱት ወረታ ወርደው እነሱን ሰምተው እንዲሆን እጠይቃለሁ።